ስለ ተበጠሰ የትውልድ ሐረግና በሐሰት ስለሚቀጥሉት ሰዎች



ሰው የአባቱን አባት፥ የእናቱንም እናት ለማወቅ መፈለጉ ከተፈጥሮው የመጣ መልካም ነገር ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። የቀደሙትን ማሰብ ከምስጋና ወገን ነውና። ነገር ግን በዚህ መልካም ፈቃድ መካከል አንድ ክፉ ልማድ እንደ እንክርዳድ በቅሎበታል። ይኸውም እንዲህ ነው፤ ትውልዱን የሚቈጥር ሰው ከቅድመ አያቱ ወይም ከምንጅላቱ ሲደርስ መንገዱ ይዘጋበታል። የሚያውቀው ሽማግሌ ሞቷል፤ የተጻፈም ነገር አላገኘም። በዚህ ጊዜ ቆሞ «ከዚህ በላይ አልታወቀም» በማለት ፈንታ፥ ያልነበረ ስም ፈጥሮ ወይም የሌላውን ሰው ስም ተውሶ ሐረጉን ይቀጥልና፥ በሦስት እርምጃ ከአንድ ራስ ወይም ከአንድ ደጃዝማች ቤት ይገባል፤ ከዚያም በአንድ ዝላይ ከንጉሥ ሰሎሞን ዙፋን ሥር ይቀመጣል። ይህንንም በሠርግ ላይ ያስነግረዋል፤ በመቃብር ድንጋይ ላይ ያስቀርጸዋል፤ በመጽሐፍም አሳትሞ ለዘመዶቹ ያድለዋል። ከካህናትና ከተማሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ይህን እያዩ ዝም ይላሉ፤ አንዳንዶቹም ጥቂት ገንዘብ ተቀብለው ብዕራቸውን ያውሳሉ። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ያንን ዝምታና ያንን ብዕር ለመቃወም ነው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስለን አስቀድመን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመልከት። የትውልድ መጽሐፋቸውን ፈልገው መንገድ የተዘጋባቸው ሰዎች ታሪክ በመጽሐፈ ዕዝራ በ2ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሱት መካከል 652 ሰዎች የአባቶቻቸውን ቤት ማስረዳት አልቻሉም። ከካህናቱም ወገን መጽሐፋቸውን ፈልገው ያጡ ነበሩ፤ ከእነርሱም የአንደኛው ቤት አባት ከገለዓዳዊው ከቤርዜሊ ልጆች ሚስት አግብቶ በሚስቱ ወገን ስም የተጠራ ነበር። እንግዲህ የአገሩ ገዥ ምን አደረገ? ሐሰተኛ መጽሐፍ አላስጻፈላቸውም፤ ከሕዝቡም መካከል አላሳደዳቸውም። ኡሪምና ቱሚም ያለው ካህን እስኪነሣ ድረስ ከተቀደሰው ምግብ እንዳይበሉ አዘዘ፤ ነገሩንም በይደር አቆየው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ማስረጃ የታጣበት ሐረግ በይደር ይቆይ፤ በሐሰት አይፈረድለት፥ በስንፍናም አይጣል።

በዚህ ላይ የሚነሡትን ሦስት ተቃውሞዎች በየተራቸው እንመልከት።

የመጀመሪያዎቹ «ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስና ለቲቶ ሲጽፍ መጨረሻ ከሌለው የትውልድ ታሪክ እንዲርቁ አዝዟልና፥ ትውልድ መቍጠር ራሱ ለክርስቲያን የተከለከለ ነው» ይላሉ። ነገሩን ያላጣሩ ናቸው። ሐዋርያው በዚያው ቃል ትውልድን ከተረትና ከክርክር ጋር አያይዞ ነው የጠቀሰው፤ የነቀፈውም ተረትን የሚወልደውንና ጠብን የሚያመጣውን ነው። ትውልድ መቍጠር በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ወንጌላዊው ማቴዎስ ወንጌሉን በትውልድ ባልጀመረ ነበር፤ ሐዋርያውም ስለ ራሱ ከብንያም ነገድ ነኝ ብሎ ባልጻፈ ነበር። እንግዲህ የጳውሎስ ቃል የሚወቅሰው በዕውነት የሚፈልገውን ሰው ሳይሆን ተረት ጨምሮ የሚቀጥለውን ነው። ተቃዋሚዎቻችን ያነሡት ሰይፍ ለእኛ ሆነ።

ሁለተኛዎቹ «ይህ የቤት ጨዋታ ነው፤ ሰው በአያቱ ስም ጥቂት ቢኮራ ማንን ይጎዳል?» ይላሉ። ጉዳቱ ብዙ ነው። አንደኛ፥ ሐሰተኛ ስም የገባበት ቦታ ዳግመኛ አይፈለግም። ባዶ ቦታ የልጅ ልጅን «ፈልግ» እያለ ይጠራዋል፤ በሐሰት የተሞላ ቦታ ግን «ተገኝቷል፥ ተኛ» ይለዋል። ሁለተኛ፥ አንድ ጊዜ በማተሚያ ቤት ያለፈ ስሕተት ለሚመጣው ትውልድ ምስክር ሆኖ ይቀርባል፤ ሦስት ሰዎች ከአንዱ መጽሐፍ ቢገለብጡም ሦስት ምስክሮች ይመስላሉ። ሦስተኛ፥ በአገራችን ልማድ ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራልና፥ ዘመድ ያልሆነውን ዘመድ የሚያደርግ፥ ዘመድ የሆነውንም የሚደብቅ ቍጥር የስንቱን ጎጆ ያፈርሳል። አራተኛና የሚከፋው፥ በተዋሰው መኰንን ምክንያት እውነተኛው አያት ከቤቱ ይባረራል። እርሱ ምናልባት ሸማኔ ነበረ፤ ምናልባት ብረት ይቀጠቅጥ ነበረ፤ ሚስቱም ሸክላ ትሠራ ነበረች። በእጃቸው ሥራ ልጆቻቸውን አሳድገው ትውልዱን እዚህ አድርሰዋል። አሁን የልጅ ልጃቸው ሀብት ሲያገኝ አፈረባቸውና በሌላ ሰው ለወጣቸው። አባትህንና እናትህን አክብር የሚለውን ትእዛዝ ከዚህ የበለጠ የሚያፈርስ ምን አለ?

ሕዝቡ «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። ቢስብም የሚስበው እውነተኛው ዘር ነው እንጂ በብዕር የተዘራው አይደለም። መጥምቁ ዮሐንስም አብርሃም አባት አለን እያሉ ለሚመኩት እግዚአብሔር ከድንጋይ ለአብርሃም ልጆች ማስነሣት እንዲችል ነግሯቸዋል።

ሦስተኛዎቹ ደግሞ ከፊተኞቹ ይሻላሉ፤ አያታልሉምና። ነገር ግን ተስፋ ቈርጠዋል። «አባቶቻችን መዝገብ አልተዉልንም፤ መንገዱ ከተዘጋ ተዘጋ» ይላሉ። ለእነዚህ የምመልሰው ረዘም ያለ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር ይህ ነውና።

አስቀድሞ የመንግሥት መዝገብ የዘገየብን መሆኑ እውነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ደንግጎ ሳለ ያ ክፍል በሥራ ላይ ሳይውል ብዙ ዘመን ቆየ። ልደትን፥ ጋብቻን፥ ፍችንና ሞትን ስለ መመዝገብ ዐዋጅ ቍጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ሥራውም የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን መንግሥት አልመዘገበም ማለት ማንም አልጻፈም ማለት አይደለም።

ሐረጉ የተበጠሰበት ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ከዚህ በላይ ማን አለ?» የሚል አይደለም፤ «ለምን እዚህ ላይ ተበጠሰ?» የሚል ነው። የመበጠሱ ምክንያት ራሱ ታሪክ ነውና። ሐረጉ የቆመው በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነውን? እንግዲያውስ ክፉ ቀን ነው፤ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሕዝቡ ከአገሩ ተሰዶ ነበርና፥ ፍለጋውም ከተሰደደበት አገር ወደ ተሰደደበት መንገድ መዞር አለበት። ቤተ ሰቡ የጎንደር ነውን? ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ከተማውን ዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቱን ማቃጠላቸውን ያስብ። አንድ ቤት በአንድ ወር ውስጥ ባዶ የሆነው በ1911 ዓ.ም. ነውን? የኅዳር በሽታ ነው። ሽማግሌዎቹ በአንድነት የጠፉት በ1929 ዓ.ም. ነውን? ከየካቲት 12 ቀን በኋላ በአዲስ አበባ የፈሰሰውን ደም፥ በግንቦት ወር በግራዚያኒ ትእዛዝ በደብረ ሊባኖስ የተረሸኑትን መነኮሳትና ዲያቆናት፥ ወደ ዳናኔና ወደ ኖኩራ እስር ቤት የተጋዙትንም ያስብ። የቈጣሪዎቹ ወግ የተቋረጠው በቅርብ ጊዜ ከሆነ ደግሞ የካቲት 1967 ዓ.ም. አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ በጎጃምና በበጌምድር ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልድን ቈጥሮ በመርታት ነበር። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ የቈጣሪው ሙያ ዋጋ አጣ፤ ልጁም ከአባቱ መስማት ተወ። ርስቱ ቢቀርም ቍጥሩ የተጻፈበት የሙግት ወረቀት በየሣጥኑ አለ።

ሁለተኛው ነገር ስም ነው። ብዙ ሰው ሐረጉ የተበጠሰ የሚመስለው አንዱን ሰው በሁለት ስም ስለሚፈልገው ነው። እናት ያወጣችው የዓለም ስም አለ፤ በጥምቀት የተሰጠ የክርስትና ስም አለ፤ ለጦረኛ የፈረስ ስም አለ፤ ለመነኮሰ የምንኵስና ስም አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ካሣም አባ ታጠቅም ይባሉ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፥ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ ከአንዲት ሴት ሦስት ሴቶች ያወጣል። በነገሥታቱ እንዲህ ከሆነ ለባላገሩማ ምን ያህል ይሆን? ባላገሩ በጸሎት መጽሐፍ ላይ በክርስትና ስሙ፥ በግብር ደረሰኝ ላይ በዓለም ስሙ ተጽፎ ይገኛል። አያቱ ያሳደጉት ልጅም በአባቱ ፈንታ በአያቱ ስም ይጠራል፤ እንዲህ ሲሆን ከቍጥሩ አንድ ትውልድ ሳይታወቅ ይጎድላል።

ሦስተኛው እናቶች ናቸው። ከአባት ወደ አባት ብቻ የሚቈጥር ሰው ሰባት ስም ይናገራል። ነገር ግን ዘመድ ከዘመድ ካልተጋባ በቀር በሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ሰዎች አሉት፤ ከአባቱና ከእናቱ ጀምሮ እስከዚያ ያሉት ቢደመሩ 254 ይሆናሉ። እንግዲህ ሰባት ስም ጠርቶ «ትውልዴን ጨረስሁ» የሚል ሰው 247ቱን ትቶ ነው። በአባት በኩል መንገዱ ሲዘጋ በእናት በኩል፥ በአያት እኅት በኩል፥ በክርስትና እናት በኩል ይኬዳል። አንድ ወንድም የረሳውን ወደ ሌላ አገር የተዳረችው እኅት ለልጆቿ ነግራ ይሆናል። ማቴዎስ እንኳ ትዕማርን፥ ረአብን፥ ሩትንና የኦርዮንን ሚስት በጌታችን ትውልድ ውስጥ ጽፏል፤ ያውም ሰው ይሸሽጋቸው የነበሩትን። እኛ ግን እናቶቻችንን ጥለን መንገድ ጠፋን እንላለን።

አራተኛው ዘመን ነው። አሮጌው ጽሑፍ «በዘመነ ሉቃስ» ብሎ ቢተው ተስፋ አይቈረጥም። ካህን ሁሉ እንደሚያውቀው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተጨምሮ ለአራት ሲካፈል አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፥ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፥ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሰው አለቃ ወይም ገዥ የተሾመበት ዘመን ከታወቀ፥ በየአራት ዓመቱ ከሚመጡት ዘመነ ሉቃሶች የሚስማማው ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይሆናል።

አምስተኛውና ታላቁ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ነው። አባቶቻችን የርስትን ሽያጭ፥ ስጦታን፥ ኑዛዜንና እርቅን ቤተ ክርስቲያን ባለችው መጽሐፍ ላይ፥ ይልቁንም በወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጽፉ ነበር፤ የሚዋሽ ሰው በዚያ ላይ እጁን ያነሣል ተብሎ አይታሰብምና። በዚያም የሻጩ፥ የገዥው፥ የዳኛው፥ የምስክሩና የዋሱ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም እነማን የማን ልጆች እንደ ሆኑ ይነግራል። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ላይ ያሉት የ18ኛው መቶ ዓመት የርስት ጽሑፎች ሴቶች መሬት ሲሸጡና ሲገዙ፥ ሲያወርሱና ሲወርሱ ያሳያሉ። መጽሐፉን ያስጻፈው ሰውና ቤተ ሰቡም በየጸሎቱ መጨረሻ ይጠቀሳሉ። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው ይጻፍበታል፤ ሆኖም በደኅና ብርሃን የሚመለከት ሰው የተፋቀውን አንዳንድ ጊዜ ያነበዋል።

ከእነዚህም መጻሕፍት ብዙዎቹ እንደ ተወሰዱ እናውቃለን። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1860 ዓ.ም. ወደ 350 የሚሆኑ መጻሕፍት ወደ ለንደን ሄደው ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ግን የሄደው ሁሉ የጠፋ አይደለም። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአገራችን የቤተ ክርስቲያንና የገዳም መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ ከ9000 በላይ ተነሥተዋል፤ ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ተቀምጧል። የዚህንም ብዙውን ክፍል ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ በካታሎግ ዘርዝረውታል። መንገድ ተዘጋብኝ የሚል የተማረ ሰው ከነዚህ አንዱን ገልጦ ሳያይ መንገድ ተዘጋብኝ ማለት አይገባውም።

በዘመናችን ደግሞ በምራቅ ዘርን የሚመረምር ጥበብ መጥቷል። ይህም ቅርብ ዘመዳሞችን ለማገናኘት እውነተኛ ረዳት ነው። ነገር ግን ስም አይናገርም፤ የሚያመሳክረውም ከተመረመረ ሰው ጋር ብቻ ነው። ደግሞ ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጅ የሚወርሰው ግማሽ ስለ ሆነ፥ ከሩቆቹ አያቶች አንዳንዶቹ በደሙ ውስጥ ምንም ምልክት ሳይተዉ ይቀራሉ። ስለዚህ ከሽማግሌውና ከብራናው ጋር ሦስተኛ ምስክር ይሁን እንጂ ብቻውን ዳኛ አይሁን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይወደውን ነገር መናገር ግድ ነው። አንዳንድ ሐረግ የተበጠሰው በጦርነትም በረሃብም አይደለም፤ ሰው ሆን ብሎ ቈርጦታል። በአገራችን ባርነት ነበረ፤ በ1916 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ቀስ በቀስ ሊያጠፋው አስቦ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ፈጽሞ ሻረው። ተሸጠው የመጡት ሰዎች ጌታው ያወጣላቸውን ስም ተቀብለው የእናት የአባታቸው ስም ጠፋባቸው። ከእነርሱ የተወለደ ሰው ያንን አያት ቢሸሽግ ፈርቶ ነውና እርሱን አልወቅስም፤ የምወቅሰው እንዲፈራ ያደረገውን ጎረቤት ነው። የሰው ዘር እየተነሣ የሚሰደብበት አገር እውነተኛ የትውልድ መጽሐፍ ሊኖረው አይችልም። እንግዲህ ሐሰተኛውን ሐረግ የሚጽፈው ባለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ በሠራተኛውና በባሪያው ልጅ የሚስቀው ሁሉ አብሮ ይጽፈዋል።

ይህ ጉዳይ የክብር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት ስለ እነዚያ ልጆች ልናገር። ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠት በ2010 ዓ.ም. በሕግ እስኪከለከል ድረስ ብዙ ሺህ ሕፃናት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደዋል። ዛሬ አድገው እናታቸውን ይፈልጋሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በእጃቸው ያለው ወረቀት እውነቱን እንደማይናገር ደርሰውበታል፤ እናቱ በሕይወት ሳለች ሞታለች ተብሎ የተጻፈበት አለና። እነሆ፥ በባዶ ቦታ ላይ ሐሰት መጻፍ የሚያመጣው ይህ ነው። «አልታወቀም» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ያ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፈለገ ነበር። እንዲህ ያለው ወጣት አስተርጓሚ ይዞ ወደ አጥቢያው ሲመጣ፥ ገበዙና ንስሐ አባቱ የሚያውቁትን ሽማግሌ ቢያመለክቱት ከታላቅ ምጽዋት ይቈጠርላቸዋል። በኑዛዜ የሰሙት ምስጢር ግን ምስጢር ነውና ለማንም አይገለጥም፤ የእናቲቱም ፈቃድ ይጠየቃል።

አሁንም ለካህናት አባቶቼና ለከተማው ምሁራን የማቀርበው ልመና ጥቂት ነው። በየአጥቢያው የጥምቀት፥ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ይጻፍ፤ በእርሱም የዓለም ስምና የክርስትና ስም ጎን ለጎን፥ የአባት ስም ከእናት ስም ጋር፥ የትውልድ አገርም ይግባ። በብራናው ላይ ያለው የኅዳግ ጽሑፍ ሁሉ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ባዶው ቅጠል ተቈርጦ ለክታብ አይሁን፤ መጽሐፉም ለማንም አይሸጥ። መጽሐፉን ለማየት በትሕትና የሚመጣ ሰው በምክንያት አይመለስ፤ ሌባን ለመከልከል ሲባል ልጁ ከአባቱ ስም አይከልከል፤ ዘበኛ ቆሞ ያንብብ። የትውልድ መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው በየስሙ አጠገብ ከማን እንደ ሰማው ወይም ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኘው ይጻፍ። ማስረጃ የሌለውን ሐረግ ካህን በመቃብር ላይ አያንብብ፤ ጸሐፊም ብዕሩን አያከራይ።

መንገድ በተዘጋበት ስፍራ ላይም «እስከዚህ ደረስሁ፤ ከዚህ በላይ አልታወቀም» ተብሎ በግልጥ ይጻፍ፤ የተፈለገባቸው ቦታዎችም ይዘርዘሩ። የሚመጣው ልጅ ከዚያ ይነሣል። ያልታወቁትም ቢሆኑ በእግዚአብሔር ዘንድ ያልታወቁ አይደሉም። ቤተ ክርስቲያናችን በጸሎተ ፍትሐት ስማቸው የታወቀውንም ያልታወቀውንም አንድ አድርጋ ታስባቸዋለችና፥ እኛ ስም ብንፈጥርላቸው ለነፍሳቸው የምንጨምርላቸው አንዳች የለም። ስማቸውን ደክመን ብንፈልግላቸው ግን ፍለጋው ራሱ ተዝካር ይሆንላቸዋል።